ኮካኒና ትራውት በትሮሊንግ፦ ብሉ ሜሳ ላይ ጥልቀትና ፍጥነትን ጠብቆ ማጥመድ

ስለ ኮካኒ፣ ሐይቅ ውስጥ ስለሚኖረው የሳልመን ዓሣ፣ ሲወራ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማታለያው (ዓሣውን ስለሚስበው ሰው ሠራሽ ዕቃ) ቀለም ነው። ሮዝ ይሻላል ወይስ ብርቱካናማ? ቀለም ዋጋ አለው። ነገር ግን ማታለያው ዓሣ በሌለበት ጥልቀት የሚሄድ ከሆነ የትኛውም ቀለም አያድናችሁም። ጥልቀቱ ልክ ሆኖ ፍጥነቱ ከተበላሸም ያው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማጠፋው በጥልቀትና በፍጥነት ላይ ነው።

ትሮሊንግ ማለት ጀልባውን በዝግታ እየነዱ ማታለያውን ከኋላ መጎተት ነው። ምሳሌ የማደርገው ኮሎራዶ ውስጥ ያለውን ብሉ ሜሳን ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጉኒሰን ወንዝ ሲገደብ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 20 ማይል ያህል ነው። ሲሞላ ዳርቻው 96 ማይል ይዞራል፣ ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ 7,519 ጫማ ይሆናል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው አየሩን ቶሎ ይለምደዋል። ዴንቨርና አውሮራ ላሉ ወገኖቻችን በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። ኮካኒ ዋሽንግተን፣ ኦሪገን፣ አይዳሆ፣ ዩታና ካሊፎርኒያም አለ። ሕጉና ወቅቱ ይለያይ እንጂ ዘዴው ያው ነው።

መጀመሪያ ዓሣውን እወቁት

ኮካኒ ሳልመን ነው። ሶክአይ የሚባለው የሳልመን ዝርያ ወደ ባሕር ሳይወርድ ዕድሜውን ሙሉ ሐይቅ ውስጥ ሲኖር ኮካኒ ይባላል። ብሉ ሜሳ ያለው ኮካኒ በአብዛኛው ከዓሣ ማራቢያ የሚመጣ ነው። ከሐይቁ በላይ፣ ኢስት ሪቨር የሚባለው ወንዝ ዳር፣ ሮሪንግ ጁዲ የተባለ የዓሣ ማራቢያ አለ። የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየፀደዩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ዓሣዎችን ከዚያ ይለቃል። ዓሣዎቹ በወንዙ ወርደው ሐይቁ ውስጥ ያድጋሉ። ሦስት አራት ዓመት ሲሞላቸው በጋው ሲያልፍ፣ በመጸው፣ ሰውነታቸው ይቀላል፣ ወደ ተለቀቁበት ይመለሳሉ፣ እንቁላል ጥለው ይሞታሉ። በዚያን ጊዜ ሥጋቸው ይለሰልሳል፣ ጣዕሙም ይወርዳል። ለመብላት የምታጠምዱ ከሆነ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ ገና ብርማ እያሉ ያዟቸው።

ለአጥማጁ የሚጠቅሙ አራት ነገሮች አሉ። ኮካኒ የሚበላው በዓይን የማይታዩ ሊባሉ የሚችሉ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትን ነው። ስለዚህ ማታለያውን የሚነክሰው በአብዛኛው ርቦት ሳይሆን ተናድዶ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ውሃ ይስማማዋል። በመንጋ ይሄዳል፤ አንድ ካገኛችሁ ብዙ አግኝታችኋል። አፉ ደግሞ እንደ ስስ ወረቀት ቶሎ ይቀደዳል። ከዚህ በታች የምለው ነገር ሁሉ ከእነዚህ ከአራቱ የመጣ ነው።

ብሉ ሜሳ ውስጥ በዋናነት ሦስት ዓይነት ትራውት አለ። ሬይንቦው፣ ብራውንና ሌክ ትራውት ናቸው። ሌክ ትራውቱ ኮካኒን እየበላ እጅግ ትልቅ ይሆናል። ትራውት ለአገራችን ሰው ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ፣ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ። ቀረሶና አምባዛ ብቻ ለለመደ ግን ሥጋው ሌላ ነገር ነው።

1. ከቤት ሳትወጡ

16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የኮሎራዶ ዓመታዊ ፈቃድ ከማርች 1 ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ዓመት ማርች 31 ይሠራል። በሁለት ዘንግ ለማጥመድ ለሁለተኛው ዘንግ ተጨማሪ ክፍያ አለ። ለትሮሊንግ ይህን ክፈሉ፤ ሁለት ዘንግ ማለት በአንድ ጊዜ ሁለት ጥልቀት መሞከር ማለት ነው። በቀን ስንት ዓሣ መያዝ እንደሚፈቀድ በየጊዜው ስለሚለወጥ የዓመቱን የሕግ መጽሔት አንብቡ። ለብሉ ሜሳ የተለየ ደንብ ካለ እዚያው በሐይቁ ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሞተር ያለው ጀልባ የምታወርዱ ከሆነ ወራሪ የውሃ እንስሳትን ለመከላከል የሚከፈል ስታምፕ አለ። ጀልባው ከመግባቱ በፊት ይፈተሻል። የሚፈለገው ዜብራና ኳጋ የሚባሉ ትንንሽ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ናቸው። አንድ ሐይቅ ውስጥ ከገቡ ማጥፋት አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ኮካኒ የሚኖርበትን ጥቃቅን ምግብም አጣርተው ይጨርሱታል። ፍተሻው የሥራ ሰዓት አለው። ሌሊት ነድታችሁ ጎህ ሳይቀድ ብትደርሱም በር ላይ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የውሃውን መጠንም አረጋግጡ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ዩታና አሪዞና ድንበር ላይ ያለውን ትልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ ሌክ ፓወልን፣ ለመደገፍ ከብሉ ሜሳ ውሃ ሲለቀቅ ሐይቁ በጣም ወርዶ ነበር። ውሃ ሲወርድ የጀልባ ማውረጃ መንገዶች ይዘጋሉ። ባለፈው ዓመት ጥልቅ የነበረ ቦታ ዘንድሮ ድንጋይ ሊሆን ይችላል።

2. ዕቃ አመራረጥ

ዘንጉ ለስላሳ ይሁን። ርዝመቱ ከ7 እስከ 8 ጫማ፣ ጫፉ ብቻ ሳይሆን ወገቡም የሚጎብጥ። ደረቅ ዘንግ የኮካኒን አፍ ይቀድዳል። ማጠንጠኛው የክሩን ርዝመት በቁጥር የሚያሳይ ቢሆን እመርጣለሁ። ከጀልባው በስተኋላ ስንት ጫማ እንደለቀቃችሁ ካላወቃችሁ ጥሩ ውጤት ያመጣችሁን ነገር መድገም አትችሉም። ክሩ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ የሚችል ይበቃል።

ኮካኒን የሚያታልለው ዕቃ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ዶጀር ነው። ከ4 እስከ 6 ኢንች የሚሆን፣ ሞላላና የሚያብረቀርቅ ስስ ብረት ነው። ሲጎተት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ያብለጨልጫል፣ ውሃውን ያናውጣል። መንጋውን የሚጠራው እሱ ነው። ሁለተኛው ከዶጀሩ ኋላ በአጭር ክር የሚታሰር ትንሽ ማታለያ ነው። ጨሌና ትንሽ ተሽከርካሪ ክንፍ ያለው ስፒነር፣ ወይም ባለ ጭራ የላስቲክ ሁቺ ሊሆን ይችላል።

በመካከላቸው ያለው ክር ሊደር ይባላል። ጀማሪ ሰው ልብ የማይለው ነገር ርዝመቱን ነው። ሁቺ በራሱ አይንቀሳቀስም። እንቅስቃሴውን የሚያገኘው ከዶጀሩ ስለሆነ ሊደሩ አጭር መሆን አለበት፤ ከ8 እስከ 12 ኢንች። ስፒነር ግን በራሱ ስለሚሽከረከር ከ14 እስከ 18 ኢንች ልታስረዝሙለት ትችላላችሁ። ሁቺ በረጅም ሊደር ብታስሩ ከኋላ ዝም ብሎ የሚከተል ላስቲክ ይሆናል። ኮካኒ ደግሞ ዝም ባለ ነገር አይናደድም። ለሊደር ፍሎሮካርቦን ክር ጥሩ ነው፤ ጠንከር ስለሚል የዶጀሩን ውዝዋዜ በደንብ ያስተላልፋል።

ሁለት ትንንሽ መንጠቆ፣ አንዱን ከሌላው ኋላ አድርጋችሁ እሰሩ። ቁጥር 4 ወይም 6 ይሁን፤ ስል መሆኑን በጥፍራችሁ ሞክሩ። ጥፍሩን ጭሮ ካልያዘ ለውጡት።

ጥልቀቱን የሚሰጣችሁ ዳውንሪገር ነው። ጀልባው ጠርዝ ላይ የሚታሰር ማሽን ሲሆን በሽቦ ከ8 እስከ 12 ፓውንድ የሚመዝን ኳስ ያወርዳል። ክራችሁ ከሽቦው ጋር በክሊፕ ይያያዛል። ዓሣ ሲነክስ ክሩ ከክሊፑ ይለቀቅና ያለ ክብደት ትታገሉታላችሁ። ዳውንሪገር ለመግዛት ዋጋው ከከበዳችሁ ውስጡ እርሳስ (ሊድ) ያለበት ሊድኮር ክር ሞክሩ። በየ10 ያርዱ ቀለሙ ይለወጣል። ከ1.5 እስከ 2 ማይል በሰዓት ስትሄዱ አንድ ቀለም በግምት 5 ጫማ ይወርዳል። ስድስት ቀለም ከለቀቃችሁ 30 ጫማ አካባቢ ናችሁ። በነሐሴ ጥልቅ ውሃ ላይ ግን ዳውንሪገር ከሌለ ይከብዳል።

3. በቆሎ

የኮካኒ መንጠቆ ላይ የሚደረገው ሹፔግ የሚባለው ቀጠን ያለ ነጭ የቆርቆሮ በቆሎ ነው። ለምን እንደሚወደው የተለያየ ነገር ይባላል። የሚሠራ መሆኑን ግን ኮካኒ የሚያጠምድ ሁሉ ይስማማል። ውሃውን አጥልላችሁ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሉት። አንዱ ላይ የቱና ዘይት፣ ሌላው ላይ ነጭ ሽንኩርት ወይም የክሪል (ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የባሕር ፍጥረት) ሽታ ጨምሩና ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በእያንዳንዱ መንጠቆ ላይ አንዲት ፍሬ ብቻ። ብዙ ከሆነ ማታለያው ይከብድና እንቅስቃሴው ይበላሻል። በየ20 እና 30 ደቂቃው ለውጡት፤ ሽታው ታጥቦ ይሄዳል።

እጃችሁ ላይ የፀሐይ ክሬም ወይም ቤንዚን ካለ በቆሎውን ከመንካታችሁ በፊት ታጠቡ። የሳልመን ዘር አሽታች ነው። የተወለደበትን ወንዝ የሚያገኘው በሽታ ነው።

4. ጀልባው ውሃ ላይ ሲወርድ

ላይፍ ጃኬት ሁሉም ሰው ይልበስ። ኮሎራዶ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግዴታ ነው። እኔ ግን ለአዋቂም ግዴታ ነው እላለሁ። የብሉ ሜሳ ውሃ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳያስበው አየር ይስባል። ጭንቅላቱ ያን ጊዜ ከውሃ በታች ከሆነ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ይሰምጣል። ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ደግሞ ክንዱና እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። አገር ቤት ዋና ሳንማር ያደግን ብዙዎች ነን። ጃኬቱ መቀመጫ ሥር ተጥሎ ማንንም አያድንም።

የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነታችሁ ላይ እሰሩ። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩ ይቆማል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጀልባችሁ ከለመዳችሁት ቢያዘግም አትደንግጡ። ከቀትር በኋላ ግን ንፋስ ይነሳል፣ በሐምሌና በነሐሴ መብረቅም ይመጣል። ጠዋት ገብታችሁ ከቀትር በፊት ለመውጣት አቅዱ። ኮካኒም በደንብ የሚነክሰው ጠዋት ስለሆነ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

5. ጥልቀቱን ማግኘት

ወደ ዋናው ነገር መጣን። ዘንግ ከመዘርጋታችሁ በፊት ፊሽ ፋይንደሩን (ከጀልባው ሥር ያለውን ዓሣና ወለል በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ) አብርታችሁ ዝም ብላችሁ ንዱ። ኮካኒ የሚገኘው ዳርቻ ላይ ሳይሆን በገላጣው ውሃ መካከል፣ ከወለሉ ርቆ ተንሳፍፎ ነው። አሮጌው የጉኒሰን ወንዝ የሚሄድበት ጥልቅ መስመር፣ በሁለት ጉብታ መሬቶች መካከል ያለ ውሃ፣ ከግድቡ በላይ ያለው ሰፊ ክፍል ጥሩ መነሻ ነው። ብሉ ሜሳ ሦስት ክፍል አለው፤ አዮላ፣ ሴቦላና ሳፒኔሮ። አዮላ በወንዙ መግቢያ በኩል ያለው ሲሆን ዝቅተኛ ጥልቀት ስላለው በፀደይ መጨረሻ ይሻላል። ውሃው ሲሞቅ ዓሣው ወደ ጥልቆቹ ወደ ሴቦላና ወደ ሳፒኔሮ ይሸሻል።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው በአንድ ጥልቀት ላይ ተሰብስበው የሚታዩ ቅስቶች ወይም ነጥቦች ናቸው። ሁለተኛው ስስ የደበዘዘ መስመር ነው። በበጋ የሐይቅ ውሃ በሙቀት ይከፋፈላል፤ ሞቃቱ ላይ፣ ቀዝቃዛው ታች። ሁለቱ የሚገናኙበት ሽፋን ላይ ሙቀቱ በጥቂት ጫማ ውስጥ ዝቅ ይላል። የመሣሪያውን ስሜት ከፍ ካደረጋችሁ ያ ሽፋን እንደ ጭጋግ ይታያል። ኮካኒ ብዙ ጊዜ እዚያ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

መነሻ የሚሆን ግምት ልስጣችሁ። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ከ10 እስከ 40 ጫማ። በሐምሌ ከ40 እስከ 70። በነሐሴ ከ60 እስከ 90። ንጋት ላይ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣሉ። ፀሐይ ስትበረታ ይወርዳሉ። ስለዚህ በጠዋት 35 ጫማ ላይ ሲነክስ የነበረ መንጋ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ቢጠፋ አልሄደም፤ ወርዷል። አሥር ጫማ ዝቅ አድርጉ።

ኳሱን ከዓሣዎቹ ትክክል ሳይሆን ከ3 እስከ 5 ጫማ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ኮካኒ ወደ ላይ ወጥቶ ይመታል፣ ወደ ታች ወርዶ የሚመታው ግን ጥቂቱ ነው። ሁለተኛውን ዘንግ በ10 ጫማ ለዩት። አንዱ ሁለት ጊዜ ከነከሰ ሌላውንም ወደዚያ ጥልቀት አምጡት።

ሽቦው በውሃ ግፊት ወደ ኋላ እንደሚጋደልም አትርሱ። ቆጣሪው 70 ቢልም ሽቦው በጣም ካዘነበለ ኳሱ ያለው ከዚያ ከፍ ብሎ ነው። ኳሱን ስክሪኑ ላይ ማየት ከቻላችሁ ከቆጣሪው ይልቅ ስክሪኑን እመኑ።

6. ዘንጉን መዘርጋት

ጀልባው ቀጥ ብሎ ወደፊት እየሄደ እያለ ነው የሚዘረጋው። ቆሞ ሲዘረጋ ክሩ ይጠላለፋል።

ዶጀሩንና ማታለያውን መጀመሪያ ጀልባው አጠገብ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ እዩት። ይህን ሳታደርጉ አንድም ጊዜ አታውርዱ። ዶጀሩ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ፍጥነቱ ልክ ነው። ሙሉ በሙሉ ዞሮ ከተሽከረከረ ፈጥናችኋል። ሳይነቃነቅ ከተንሸራተተ አዝግማችኋል። ማታለያው በዶጀሩ ምት ልክ እየተወረወረ መሆኑን ተመልከቱ። በቆሎው አጣሞት ከሆነ አሁን አስተካክሉ፤ 60 ጫማ ሥር ምን እንደሚሆን ማየት አትችሉም።

ከዚያ ከ30 እስከ 60 ጫማ ክር ወደ ኋላ ልቀቁ። ኳሱ ጥልቅ በወረደ ቁጥር ይህን ማሳጠር ይቻላል። ክሩን ክሊፑ ላይ ቀለል አድርጋችሁ አያይዙ። ኮካኒ ከ12 እስከ 18 ኢንች የሚሆን ዓሣ ነው፤ ክሊፑ ከጠነከረ ነክሶም ሳይለቀው፣ እናንተም ሳታውቁ ለረጅም ጊዜ ትጎትቱታላችሁ። ማጠንጠኛውን በአውራ ጣታችሁ እየገታችሁ ኳሱን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ጥልቀቱ ላይ ሲደርስ ዘንጉን ማስቀመጫው ላይ አድርጉና ጫፉ በደንብ እስኪጎብጥ ድረስ ክሩን ጠቅልሉ። ዓሣ ክሩን ሲያስለቅቅ የጎበጠው ዘንግ ራሱ ቀና ብሎ የላላውን ክር ይሰበስባል።

7. ፍጥነቱን ማግኘት

ለኮካኒ ከ1.0 እስከ 1.6 ማይል በሰዓት ባለው ውስጥ ሥሩ። በ1.3 ጀምሩ። ከጂፒኤስ የምታገኙት ፍጥነት ከመሬት አንፃር ነው። ማታለያው የሚያውቀው ግን የውሃውን ፍጥነት ብቻ ነው። ንፋስ ከኋላ ሲገፋና ከፊት ሲመታ ይለያያል። ለዚህ ነው ወደ አንድ አቅጣጫ ስትሄዱ ነክሶ ስትመለሱ ዝም የሚለው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሽቦውን ማዘንበልና የዘንጉን ጫፍ ምት ተመልከቱ። ጫፉ በእኩል ምት እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ዶጀሩ እየሠራ ነው።

ቀጥ ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። በሰፊው እየተጠማዘዛችሁ ንዱ። ስትታጠፉ በውጭ በኩል ያለው ዘንግ ይፈጥናል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይዘገያል። ይህ መጠየቂያ ነው። በመታጠፊያው ላይ የውጩ ዘንግ ከተነከሰ ዓሣው ፍጥነት ፈልጓል፤ 0.2 ጨምሩ። የውስጡ ከሆነ ቀንሱ። በዚህ መንገድ የዕለቱን ፍጥነት ዓሣው ራሱ ይነግራችኋል። ከማንኛውም ማታለያ ይልቅ ይህን ዘዴ ነው የምወደው።

ቀለምን የማነሳው አሁን ነው። ቀይ ብርሃን ቶሎ በውሃ ስለሚዋጥ ጥልቅ ላይ ቀይ ማታለያ ጥቁር ይመስላል። ላይኛው ውሃ ላይ ሮዝና ብርቱካናማ፤ ጥልቅ ላይ አረንጓዴ ቢጫና በጨለማ የሚያበራ ቀለም ሞክሩ። ጥልቀትና ፍጥነት ልክ ሆኖ ግማሽ ሰዓት ካለፈና ስክሪኑ ላይ ዓሣ እያያችሁ ከሆነ ቀለም ለውጡ። ከዚያ በፊት አትንኩ።

የመጀመሪያው ሲነክስ ቦታውን ጂፒኤስ ላይ ምልክት አድርጉ። ጥልቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ ወደ ኋላ የለቀቃችሁትን ክር፣ የሄዳችሁበትን አቅጣጫ በስልካችሁ መዝግቡ። ዞራችሁ በዚያው አቅጣጫ እንደገና እለፉበት። መንጋው ሩቅ አይሄድም።

8. ሲነክስ

ዘንጉ ጫፉን ነቅነቅ ያደርግና ቀና ይላል፣ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ከማስቀመጫው ስታነሱት መንጭቃችሁ አትምቱ። መንጠቆው ስል ከሆነ ዓሣው ራሱ ተይዟል። ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ የላላውን ክር ጠቅልሉ። የማጠንጠኛው ፍሬን ላላ ይሁን፤ ዓሣው ሲሮጥ ክሩ በቀላሉ መውጣት አለበት። ጀልባውን አታቁሙ። ጀልባው ከቆመ ክሩ ይላላል፣ መንጠቆው በቀደደው ቀዳዳ ይወጣል፣ የሌላው ዘንግ ማታለያም ወደ ታች ይሰምጣል።

ኮካኒ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጠው ጀልባው አጠገብ ነው። እዚያ ሲደርስ ይዘላል፣ ይሽከረከራል፣ ክሩን ተከትሎ ወደ እናንተ ይሮጣል። መረብ የሚይዘው ሰው አስቀድሞ ይዘጋጅ። የመረቡ እጀታ ረጅም ይሁን። ዓሣውን በመረብ አታሳዱት፤ ዘንግ የያዘው ሰው ጭንቅላቱን ወደ መረቡ ይምራው፣ መረቡ ከሥር ይነሳ።

ኮካኒ ቅርፊቱ ቶሎ ይረግፋል። ከጥልቅ ወጥቶ፣ በሞቀው ላይኛው ውሃ ተጎትቶ፣ በመረብ ተገላብጦ ቢለቀቅ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ ትንሽ ነው ብላችሁ እየመረጣችሁ አትልቀቁ። የተፈቀደላችሁን ያህል ወይም የምትበሉትን ያህል ከያዛችሁ ዘንጉን ሰብስቡ።

ትራውት ከፈለጋችሁ

ሬይንቦው ትራውት የተለየ ነገር ብዙ አይፈልግም። በፀደይና በጠዋት ከላይ እስከ 20 ጫማ ድረስ ይገኛል። ላይ ላይ ስለሆነ ጀልባው ያስደነግጠዋል፤ 100 ጫማና ከዚያ በላይ ክር ልቀቁ። ፍጥነቱን ወደ 1.5 እስከ 2.5 አሳድጉ። ትንንሽ ስፑን (ማንኪያ መሰል ብረት)፣ ራፓላ (ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማታለያ)፣ ወይም ስፒነር ላይ ግማሽ ትል ይሠራል። ብራውን ትራውት ድንጋያማ ዳርቻ ይወዳል፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ዳርቻውን ተጠግታችሁ ጎትቱ። ሌክ ትራውት ታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ ከኮካኒው መንጋ ሥር ነው። ኮካኒ የመሰለ ትልቅ ማታለያ ይፈልጋል። ለኮካኒ ባዘጋጃችሁት ቀጭን ዕቃ አትሞክሩት።

9. ከመረብ እስከ ድስት

ዓሣው እንደወጣ ጭንቅላቱን መትታችሁ ግደሉት፣ ከዚያ ጉሮሮው ሥር ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ። በረዶና ትንሽ ውሃ በተቀላቀለበት ሳጥን ውስጥ ክተቱት። በደረቅ ባልዲ ፀሐይ ላይ የቆየ ኮካኒ ሥጋው ይለሰልስና ይፈርሳል። ስታጸዱት ከአከርካሪው ሥር የተጋደመውን ጥቁር ደም በጥፍራችሁ ወይም በማንኪያ ፍቃችሁ አውጡ። የሚጎመዝዘው እሱ ነው።

ሥጋው ቀይ ብርቱካናማና ቅባት ያለው ነው። ለጥብስ ከመጠን በላይ አትጥበሱት፤ ይደርቃል። የምወደው አሠራር ቀላል ነው። ሙሉውን ዓሣ ጨው ነስንሱበት። ሆዱ ውስጥ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና የጥብስ ቅጠል ክተቱ። ዘይትና ሎሚ ጠብ አድርጉበት። በፎይል ጠቅልላችሁ ፍም ላይ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ያህል አቆዩት። ሥጋው በሹካ ሲነካ ከተለያየ በስሏል። ዓሣ በጾም የምትበሉ ቤተሰቦች ለጾም ጊዜ በፍሪዘር ልታስቀምጡት ትችላላችሁ። አየሩን ከፌስታሉ አውጡ፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ብሉት።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የለመዳችሁ አላችሁ። ይህን ዓሣ እንዲያ አታድርጉት። የሳልመንና የትራውት ሥጋ ውስጥ ሰው ላይ የሚተላለፍ የኮሶ ዓይነት ትል ሊኖር ይችላል። አብስሉት።

10. ስትወጡ

ጀልባውን ከውሃ እንዳወጣችሁ ታች ያለውን መድፈኛ ንቀሉ። የሞተሩን ውሃ፣ የዓሣ ማስቀመጫውን ውሃ ሁሉ አፍስሱ። ተጎታቹ ላይ የተጠመጠመ ሣር ካለ ልቀሙት። የዳውንሪገሩን ሽቦ፣ መልሕቁንና ገመዱን ጥረጉ። ስትወጡም ፍተሻ ካለ ቆማችሁ አስፈትሹ፤ የሚሰጧችሁን ደረሰኝ አትጣሉ፣ የሚያስሩላችሁን ማኅተም አትቁረጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሐይቅ ስትሄዱ መግቢያው ላይ ጊዜ ይቆጥብላችኋል። ቤት ስትደርሱ ክዳኑን ከፍታችሁ ጀልባው ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።